ቆብ ከመድፋትህ በፊት

ውድ ዘውገ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደህና ነኝ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» ይባላል። እኔ ደህና አይደለሁም። አንተም ደህና ብትሆን ኖሮ እዚያ ባልተገኘህ፤ ስለዚህ ሰላምታውን እንለፈው። «ውድ» ያልኩህ ግን ለወጉ ያህል አይደለም። ወደ ታች ስትወርድ ንዴቴ ከበዛብህ ወደዚህች ቃል ተመልሰህ እያት።

የምጽፍልህ እሺ ወይም እምቢ እንድል ስለተጠየቅሁ ነው። አረጋ ትናንት መጣ። ያው ከብልባላ ለገዳማችሁ እህል የሚያመላልሰው አረጋ። ገብቶ ውኃ ጠጣ፣ ስለ ገብሱ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ አህዮቹን አማ፤ ዋናውን ነገር እስኪያወጣው ድረስ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የአበምኔቱን መልእክት ነገረኝ። አንተ ቆብ ለመድፋት እየለመንካቸው ነው። እሳቸው ደግሞ በቁርባን የተጋባ ሰው ነህና የሚስትህን ቃል ሳልሰማ የአመክሮ ጊዜህን እንኳ መቁጠር አልጀምርም ብለውሃል። እሺ ካልኩ ትቀራለህ። እምቢ ካልኩ ወደ ቤትህ ይመልሱሃል።

«እቴ ፋና፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ አረጋ። እሱን ምን አድርጎኝ እቀየመዋለሁ። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የተበጠሰ መጫኛውን እየቀጠለ ይጠብቀኛል።

ቃሌን ከመላኬ በፊት አንተ የማታውቀውን ነገር ልነግርህ ይገባል። አዲስ አበባ ምን እንዳገኙብኝ ሳትሰማ ነው የሄድከው። ክረምቱን ሙሉ ስልክም መንገድም አልነበረም፤ ስልክህንም ቢሆን ትራስህ ላይ ጥለኸው ነው የወጣኸው። በሰው አፍ እንዳልልክልህ ደግሞ ነገሩ በሰው አፍ የሚላክ አልሆነም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ልጀምር። የወልድያው መንገድ ዝግ ስለነበር በአውሮፕላን መሄድ ነበረብኝ፤ ለሁለታችን ቲኬት ስላልቻልን እኔ ብቻዬን እንድሄድ ተስማማን። ለልጅ ብለን የምንጀምረው ሕክምና የመጀመሪያው ምርመራ የእኔ ነው፣ አንተን የሚፈልጉህ ከዚያ በኋላ ነው ብለውን ነበር ሐኪም ቤቱ። ሻንጣዬን ይዘህ እስከ በሩ ሸኘኸኝ። መንገዱን ሙሉ ዳዊትህን ስትደግም ነበር። ስለ እኔ ፈርተህ መስሎኝ «የምትመረመረው አንተ ነህ እንዴ፣ ፊትህ እንዲህ የገረጣው?» ብዬ አፌዝኩብህ። ፈታሾቹ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝከኝ።

«ፋና፣ ምንም አያገኙም» አልከኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ያን ልጅ ቤተ ክርስቲያን ነው የቀበርኩት። ክርስትና ያልተነሣውን ልጅ፣ ቄሱን ሳልጠይቅ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ገብርኤል አጥር ውስጥ። ማሕፀንሽ የተዘጋው በእኔ ኃጢአት ነው እንጂ አንቺ ምንም የለብሽም።»

ከኋላዬ ሰው እየገፋኝ ነበር። «እና አሁን ነው የምትነግረኝ?» ከማለት በቀር ያልኩህ የለም። አንተም «ሂጂ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል» አልከኝ። ዞር ብዬ ሳይ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ወደ ሚኒባሶቹ እየሄድክ ነበር። ባልና ሚስት ሆነን ያወራነው የመጨረሻው ወሬ እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ ያንን ቀን አሰብኩት። ስለዚያ ቀን እኔና አንተ አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ወደ አባትህ አገር በእግር ስንሸሽ አራት ወር አልፎኝ ነበር። ዳገቱን ወጥተን ሳንጨርስ ወገቤን ቆረጠኝ፤ አባትህ ቤት ስንደርስ ደሙ እግሬ ላይ ወርዶ ነበር። ጤና ጣቢያው ሮጠህ ሄደህ ሰውም መድኃኒትም የሌለበት ባዶ ቤት መሆኑን አይተህ ተመለስክ። የቀሩልን አክስትህ እትዬ ብርቄ ነበሩ። የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸውና እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ቀትር ነበር፤ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወዲያ ተራራ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። እንዳላይ ፊቴን በነጠላ ሸፍነውኝ ነበር። ብዙ ደከሙ። እኔም ደከምኩ። በመጨረሻ «ሁሉም ወጥቷል ልጄ። ወንድ ነበር» አሉኝ። ከዚያ፣ ከልማድ ይመስለኛል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ፤ ለወለደች ሴት የሚባለውን። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ለሌላ ሴት ልለው አልቻልኩም። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ገንፎዬን ዝም ብዬ በልቼ እመለሳለሁ።

አንተ በእሳቸው ነጠላ የተጠቀለለውን ተቀብለህ ወጣህ። ስትመለስ እጅህ አፈር ነበር። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ልጅ ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀበር የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስበው፣ ጓሮ የቀበርከው መሰለኝ። አልጠየቅሁህም። ከጦርነቱ በኋላ አባትህ ቤት በሄድን ቁጥር ጓሮ ያለችውን ግራዋ ውኃ አጠጣት ነበር፤ ከሥሯ ያለ መስሎኝ። አንተም ታየኝ ነበር። ጣሳ ይዤ ስወጣ አይተህ ፊትህን ታዞር ነበር፤ እኔ ደግሞ ሐዘን ነው እል ነበር። ይኸውልህ፣ ስንት ዓመት ባዶ ግራዋ ሳጠጣ ኖሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ጠበል ተጠመቅን፣ ይምርሐነ ክርስቶስ በእግር ሄደን ተሳልን። እህቶችህ መጀመሪያ በዓይን፣ ኋላ በአፍ መካን አሉኝ። የደሴው ሐኪም ያንተንም የእኔንም አይቶ «ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ፤ ምክንያቱ አልታየኝምና አዲስ አበባ ሂዱ» ሲለን እኔ ደስ ብሎኝ አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን እየላጥኩ አጎርስህ ነበር። አንተ አልዋጥክም። እሱ አልታየኝም ያለው ሌላ ቦታ እንድንፈልግ ነው። አንተ ግን ሐኪም ያጣውን እግዚአብሔር ነው የዘጋው ብለህ ደመደምክ። ከዚያ ወዲህ ጾሙ በዛ፣ ስግደቱ በዛ፣ ከስተህ ሸሚዝህ ሰፋህ። እኔም «አስጎብኚ ነው ያገባሁት ወይስ ባሕታዊ?» እያልኩ እቀልድብህ ነበር። ለንስሐ አባታችን እንደተናዘዝክ፣ ቀኖናህን ተቀብለህ እንደጨረስክ፣ ልጅ አልመጣ ሲል ደግሞ ንስሐዬን አልተቀበለኝም ብለህ እንደቆረጥክ ኋላ ከእትዬ ብርቄ ነው የሰማሁት። ይህ ሁሉ በአንድ አልጋ እየተኛን ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ልምጣ። ዶክተር ሐቢባን ብታያት ገና ተማሪ ትመስልህ ነበር፤ ስትናገር ግን አትቸኩልም፣ ሰው ሲያወራት ዓይኑን ታየዋለች። የአልትራሳውንዱን ምስል ይዛ ብዙ ቆየች። ማሕፀኔ ውስጥ ነጭ መስመር የሚመስል ነገር ይታያታል፤ ጠባሳ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። ላብራቶሪ ውስጥ አዋሕደን፣ ደክመን ማሕፀንሽ ውስጥ የምናስቀምጠው ጽንስ እንዲወርድብሽ አልፈልግም፣ ሕክምናውን ከመጀመራችን በፊት ውስጡን በዓይኔ ልየው አለችኝ። ሂስቴሮስኮፒ ይሉታል። ሆድ አይቀደድም፤ ቀጭን ካሜራ በማሕፀን በር ገብቶ ውስጡን ስክሪን ላይ ያሳያል። ገባኝ፣ እኔም ሆቴል ውስጥ ክፍሉን ገብቼ ሳላይ ለአዲስ እንግዳ ቁልፍ አላሰጥም አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። የእኔ ሥራ እንግዳ ሲወጣ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ የረሳውን ነገር መፈለግ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የወር አበባዬ ሲጠራ ቀጠረችኝ። የአጎቴ ልጅ ዳግማዊት ሥራዋን አስፈቅዳ ይዛኝ ሄደች፤ በር ላይ ቀረች። ማደንዘዣ ሰጡኝ እንጂ አላስተኙኝም፤ እንቅልፍ አልፈልግም፣ ላየው እፈልጋለሁ ብዬ ነበር። ያማል፤ የወር አበባ ቁርጠት ሲበረታ እንደሚያመው ያማል። ውኃ እየለቀቁበት ነው የሚያዩት። ስክሪኑ መጀመሪያ ብዥ አለ፣ ከዚያ ጠራ። ሮዝ ነው፣ ዘውገ። ግድግዳው ለስላሳ ነው፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩበታል። ስሰደብበት የኖርኩት ቦታ ይኸው ነው አልኩ በሆዴ። ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነበረበትም።

ዶክተር ሐቢባ እስከዚያ ድረስ ያየችውን ሁሉ እየነገረችኝ ነበር። ይህ የቀኙ ቱቦ በር ነው፣ ይህ የግራው ነው፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ካሜራውን ወደ ላይ መለስ አደረገችው። ነጭ ነገር ነበር። ቀጫጭን፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጋደመ፣ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ የተሰካም አለበት። ከክብሪት እንጨት ይሳሳል። ነርሷ ዶክተሯን አየቻት።

«ፋና፣ ጽንስ ወርዶብሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«በጦርነቱ ጊዜ።»

«ስንት ወርሽ ነበር?»

«አራት አልፎኝ ነበር።»

ካሜራውን ወደ ነጩ ነገር አስጠጋችው። «ይህ አጥንት ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «የዚያ ልጅ አጥንት ነው። ያን ጊዜ ሳይወጣ የቀረ ነው።»

መጀመሪያ የተሰማኝን ብነግርህ አብዳለች ትላለህ። ደስ አለኝ። እዚህ ነበርክ እንዴ አልኩት። ስንፈልግህ፣ ስናለቅስ፣ በየጠበሉ ስንንከራተት፣ አንተ እዚህ ነበርክ እንዴ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ልቅሶዬ አመለጠኝ፤ ዶክተሯ አይዞሽ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ እያለች እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ነርሷ ስክሪኑን ልታዞርብኝ ስትል እንዳታዞሪው አልኳት። ያን ቀን ፊቴን ሸፍነውኝ አላየሁትም፤ ዛሬ ላየው ነው አልኳት። በቀጭን መቆንጠጫ አንድ በአንድ ለቀመችው። ስትጨርስ እንደገና በካሜራው ሁሉንም ጥግ ዞራ አየች። ቦታው ባዶ ነበር።

ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችኝ። አጥንቱ ማሕፀን ውስጥ ሲቀር ሌላ ጽንስ እንዳያርፍ ይከለክላል፤ ሴቶች እንዳያረግዙ የሚገባላቸው ሉፕም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። «እስከ ዛሬ ሳታውቂ ሉፕ ይዘሽ እንደኖርሽ ቁጠሪው» አለችኝ። ሐኪም ቤት ብትደርሺ ኖሮ ያኔውኑ ታጥቦ ይወጣልሽ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ ደሙን ያቆመልሽ ሰው ግን ሕይወትሽን ነው ያተረፈው፣ በማንም እንዳትፈርጂ አለችኝ። ጠባሳው ጥቂት ነው፣ ቱቦዎችሽ ክፍት ናቸው፤ ይህ ከወጣላቸው በኋላ ያለ ምንም ሕክምና የሚያረግዙ ብዙ ናቸው። ዕድሜዬ ግን ብዙ እንደማይጠብቀኝ ሳትደብቅ ነገረችኝ። «ዛሬ ሌላ መድኃኒት የለኝም። ወደ ባልሽ ተመለሺ። ዓመት ሳይሞላ ካልመጣ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ኑ።»

ወደ ባልሽ ተመለሺ አለችኝ፣ ዘውገ። የታዘዘልኝ መድኃኒት ይኸው ነው።

ከአጥንቱ ጥቂቱ ለላብራቶሪ ሄደ። የቀረውን ስጪኝ አልኳት። ምን ታደርጊበታለሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ የቀረው አካሉ የተቀበረበት ቦታ አለ አልኳት። «በእኛም ዘንድ የሰው አካል ይቀበራል እንጂ አይጣልም» ብላ በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ደወልኩልህ። ላሊበላ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር። በማግሥቱም ደወልኩ። አውሮፕላን እስካገኝ ድረስ ጠዋት ማታ ደወልኩ። ዳግማዊት «ትደርሺበታለሽ፣ በአፍሽ ትነግሪዋለሽ» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ስለ ኃጢአት፣ ስለ ገብርኤል አጥር የተናገርከውን እያሰብኩ እንዴት አድርጌ እንደምነግርህ አውጥቼ አውርጄ ጨርሻለሁ። ምንም አላጠፋህም፣ የዘጋብን ልጁ ራሱ ነው፣ አልወጣም ብሎ ነው ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ ታለቅሳለህ፣ ከዚያ ትስቃለህ ብዬ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥታ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው። መድኃኒት ነው ስትለኝ አዎ አልኳት። ልጄ ነው ማለት አልቻልኩም።

ቤት ስደርስ ቁልፉ ጎረቤት ነበር። የአስጎብኚነት ባጅህ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ስልክህ ትራሱ ላይ ነው፤ ጋቢህና ዳዊትህ የሉም። ሳህን እንኳ አጥበህ ደፍተሃል። በማግሥቱ ወደ አባትህ አገር ወጣሁ። እትዬ ብርቄ ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ጉልበታቸውን ስመህ ሁሉን ነግረሃቸው ወደ ገዳም እንደሄድክ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ብከለክለው አልሰማኝም ብለው አለቀሱ። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና «አንቺስ ልጄ፣ ምን አገኙብሽ?» አሉኝ።

ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። እጃቸው እጄን እንደያዘ ነው። ያ እጅ ባይኖር እኔ ያን ቀን ደሜ ፈስሶ እሞት ነበር። ሁሉም ወጥቷል ያለኝም ያው እጅ ነው። ታዲያ ምን ልበላቸው? «ምንም አላገኙም፤ አጥበው አጸዱኝ» አልኳቸው። ተመስገን አሉ፣ መሬቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደግፌ አነሣኋቸው። አንተም አደራ፣ እንዳትነግራቸው። ይህን ሳይሰሙ ይሙቱ።

ልጁን የት አጥር ጥግ እንዳስተኛኸው ጠየቅኋቸው። ለዘውገ እጅ ሰጠሁት እንጂ ከዚያ ወዲያ አላውቅም አሉ። ብቻዬን ገብርኤል ወረድኩ። አንተ ከቀበርክበት ከዚያ ቀን ወዲህ የስንቱ ልጅ እንደተቀበረበት ብታይ። ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል። እንደ ሌባ አጥሩን ተጠግቼ ዞርኩ። ከጽዱ ሥር ይሆን? ከአባትህ መቃብር አጠገብ ይሆን? ያገኘሁትን ትንሽ የድንጋይ ክምር ሁሉ የእሱ ነው አልኩ፣ ወዲያው ደግሞ አይደለም አልኩ። ዘበኛው ማንን ነው የምትፈልጊው ሲለኝ ዘመድ አልኩት። ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ሣጥኔ ውስጥ፣ ለክርስትናው ብዬ ገዝቼው የነበረው ነጭ ሻሽ ውስጥ ነው።

ዘውገ፣ ተናድጄብሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን መቅበርህ አይደለም ያናደደኝ። ልጅህን ጅብ የሚዞርበት ጓሮ መጣል አቅቶህ፣ መድፍ እየጮኸ በጠራራ ፀሐይ ታቅፈኸው ወርደህ ከአያቱ አገር ሰዎች መሐል እንዳስተኛኸው ሳስብ፣ እንደዚያ ወድጄህ አላውቅም። ያናደደኝ ብቻህን መሆንህ ነው። ኃጢአቱንም ብቻህን ወሰድከው፣ ሐዘኑንም ብቻህን ወሰድከው፣ ንስሐውንም ብቻህን ገባህ። ለእኔ ባዶ ግራዋ ተውክልኝ። እግዚአብሔር ምን አስቦ እንደነበር አንተም እኔም አናውቅም፤ እኔ የማውቀው ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ነው። አንድ ሳምንት ብትጠብቀኝ ኖሮ አንተም ታውቀው ነበር። ከእኔ አፍ የሚወጣውን ሳትሰማ ፍርዱን ራስህ ጽፈህ፣ ራስህ ፈርመህ ሄድክ።

የሚቀጥለውን ሳልፈራ እጽፈዋለሁ። ምናልባት ይህን ስታነብ የከበደህ ነገር ሁሉ ይወድቅልህና አረጋን ተከትለህ ትመጣለህ። ምናልባትም አትመጣም። ምናልባት ኃጢአቱ ሰበብ ነበር፣ ከእኔም ከከተማውም ከዚህ እንግዳ ከማይመጣበት ኑሮም የሚያሳርፍህን ቦታ አግኝተሃል። እንደዚያ ከሆነ አልፈርድብህም፤ እኔም አንዳንድ ቀን ባዶ ክፍሎች አንጥፌ ስወጣ የሚያሳርፈኝ ቦታ እመኛለሁ። ግን ዶክተር ሐቢባ የሰጠችን ጊዜ እየሄደ ነው። በየወሩ ደሜ ሲመጣ ባዶው ክፍል ተጠርጎ፣ ተነጥፎ እንዳለ አውቃለሁ። የጠፋው ሰው ነው። ይህ ከመካንነቱ ይብስብኛል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ይብስብኛል።

የሚመነኩስ ሰው እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት እንደሚነበብበት ካንተው ነው የሰማሁት። ለፈረንጆቹ ስታስረዳ ቆሜ ሰምቼሃለሁ፤ ለዓለም ሞተ ማለት ነው ትላቸው ነበር። ለልጃችን ያልተነበበለት ፍትሐት አሁን አንተ ላይ በቁምህ ሊነበብብህ ነው። ለዚህ ነው እሺ በይ የተባልኩት።

ስለዚህ ለአበምኔቱ ቃሌን አንብብላቸው፤ በአክብሮት ነው የምለው። ዘውገ መጥቶ ገብርኤል አጥር ውስጥ ቦታውን በጣቱ ያሳየኝ። ቄሱን አብረን እንጠይቃለን። ከፈቀዱልን እዚያው ከፍተን ይህን ጠርሙስ ከወንድ ልጄ አጠገብ አስተኛዋለሁ። ካልፈቀዱ የተቀበረውን አውጥተን ከጠርሙሱ ጋር ጓሮ፣ ግራዋዋ ሥር እንወስደዋለን፤ ውኃዋን አስቀድማ ጠጥታለች። የት መሆኑ አይደለም ግድ የሚለኝ፤ አንድ ላይ መሆኑ ነው። አፈሩን መልሰን ስንነሣ ዓይኔን እያየ ይጠይቀኝ። ቤቴ ልመለስ ካለኝ ቁልፉ ጎረቤት አይደለም፣ እኔ ጋ ነው። ቆቡን ካለኝም እዚያው፣ በአፌ፣ እሺ እለዋለሁ። አልዋሸውም፤ እሺ እለዋለሁ።

አረጋ ፀሐዩ ከረረ እያለ ነው። እስክትመጣ ድረስ ግን በወረቀትም በሰው አፍም ፈቃዴን አትጠብቅ። ልጄን ቀብሬ ሳልጨርስ ባሌን አልቀብርም።

ባለቤትህ
ፋና
ላሊበላ